ሳይንቲስቶቹ እስኪስማሙ ቱቦው ይጠብቅ እንዴ?

ግንፍሌ_ዳር
ሰላም ቤቶች። ዛሬ ረዘም ያለ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ፣ ታገሱኝ።

መሀል ከተማ አንድ የመንገድ ሥራ ላይ ነኝ። ቦታውን አልጠራም፤ ከካዛንቺስ እስከ አራት ኪሎ ባለው መሀል በሉት። የዝናብ ውኃ ማፍሰሻ ቱቦ ልንቀብር ነው። ዲዛይኑ ባለ 60 ሳንቲ ሜትር ይላል። ስሌቱ የተሠራው ባለፉት ዓመታት ከተለካው ዝናብ ነው። እኔና አንዲት ባልደረባዬ "የአየር ንብረት ለውጡን አስበን አንድ ደረጃ ከፍ እናድርገው" አልን። ስብሰባው ላይ አለቃችን የሰጠው መልስ ምን መሰላችሁ? "ዝናቡ ወደፊት ይጨምር ይቀንስ ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው አልተስማሙም። ሲስማሙ እናየዋለን።" ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፈረ፣ ሻይ ጠጥተን ተለያየን።

የሚያበሳጨኝ ደግሞ ሰውዬው ጨርሶ አለመዋሸቱ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ዝናብ ላይ የወደፊቱን የሚገምቱት የኮምፒዩተር ሞዴሎች እውነትም ይለያያሉ። ግን ቱቦው አንዴ ተቀብሮ አስፋልት ከለበሰ ልጆቼ እስኪያረጁ እዚያው ነው። "እንጠብቅ" ማለት 60 ቅበር ማለት ነው እኮ። እሱም ውሳኔ ነው።

ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ሳይንሱ ጥርት ሳይል መንግሥት እንዴት ነው የሚወስነው? ቱቦም ይሁን ግድብ ይሁን መኪና። ሌላው ዓለምስ ምን ያደርጋል?

አባ_ጨጓሬ
እኔ ከሰውዬው ጋር ነኝ። ሜትዎሮሎጂ "ዘንድሮ ከመደበኛ በላይ ይዘንባል" ይልና ሰማዩ ጭው ይላል። የሦስት ወሩን ያልቻለ የ50 ዓመቱን ይነግረኛል? ደግሞ አፍሪካ ተሰብስባ ከዓለም ጭስ 4 በመቶ ገደማ ብትሆን ነው። ያሞቁት ይክፈሉ። እኛ በቱቦ ዲያሜትር የምንጨቃጨቀው ውኃ በሳምንት ስንት ቀን በሚመጣበት ከተማ ውስጥ ነው።

ሻይ_በሎሚ
ቤቴ ውኃ በቧንቧ አይመጣም፣ በበር ግን ይገባል። ማንን ልክሰስ?

ደመና_ቆጣሪ
አባ ጨጓሬ፣ እንጀራዬ ስለሆነ ትንሽ ልናገር። የወቅት ትንበያ ሲወጣ ሦስት ቁጥር አለው። ለምሳሌ ከመደበኛ በላይ የመሆን ዕድሉ 45፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በታች 20 በመቶ ይላል። ዜና ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ብቻ ይነበባል። ከመደበኛ በታች የዘነበ ዕለት "ዋሹ" ይባላል። ከአምስት አንዴ ሊሆን እንደሚችል እኮ ተጽፎ ነበር። ቁጥሮቹ እየተቆረጡ ስለሚመጡላችሁ ነው የምትናደዱት።

አሁን ወደ "አልተስማሙም"። በምኑ? ሁሌ ይሄን ጠይቁ። ምድር መሞቋና የሚያሞቃት ሰው መሆኑ ላይ ክርክር የለም። አይፒሲሲ (የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንስ ቡድን) በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ከ2011 እስከ 2020 ያለው አማካይ ከ1850 እስከ 1900 ከነበረው በ1.1 ዲግሪ ገደማ ይበልጣል ብሏል። አየር በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ተን መያዝ ይችላል። ይሄ ፊዚክስ ነው። ስለዚህ ደመናው ሲፈታ ባንዴ የሚዘረግፈው ይበዛል። ይሄም ላይ ያን ያህል ጭቅጭቅ የለም።

ጭቅጭቁ ያለው የወቅቱ ጠቅላላ ዝናብ ላይ ነው። እዚያ ላይ እውነትም ግራ ያጋባል። የደቡብና የደቡብ ምሥራቁን የበልግ ዝናብ አብዛኞቹ ሞዴሎች ይጨምራል ይላሉ፤ መለኪያው ግን ለአሥርተ ዓመታት ሲቀንስ አሳይቷል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ቦረናና ሶማሌ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሸፈባቸው። ቀጥሎ በ2016 ኅዳር ላይ ጎርፍ መጣ።

የአንተ ቱቦ ግን የዓመቱን ድምር አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ስንት ሚሊ ሜትር ወረደ የሚለውን ነው። አለቃህ የአንዱን ጥያቄ መልስ ለሌላው ነው የሰጠህ።

አባ_ጨጓሬ
እሺ። ግን ስንት ይጨምራል? 5 በመቶ? 50? ቁጥሩን ካልነገርሽኝ መሐንዲሱ ምን ይሥራ?

ደመና_ቆጣሪ
አንድ ቁጥር አልሰጥህም፣ ክልል ነው ያለው። ክልሉ እስኪጠብ እንጠብቅ ካልክ ደግሞ ታሪኩን ስማ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በእጥፍ ቢጨምር ምድር ስንት ዲግሪ ትሞቃለች የሚለውን በ1979 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተሰበሰቡ ሳይንቲስቶች ከ1.5 እስከ 4.5 ብለው ገመቱ። በ2021 አይፒሲሲ ከ2.5 እስከ 4 አለ፣ መሀሉ 3። ከ40 ዓመት በላይ ሥራ፣ ሳተላይት፣ ሱፐር ኮምፒዩተር፣ ያ ሁሉ ተደርጎ የጠበበው ይሄን ያህል ነው። ትልቅ ሥራ ነው፣ አላቃልለውም። ግን ቱቦ ቀባሪ 40 ዓመት አይጠብቅም።

ጋሽ_አራዳ
ልጆች፣ እኔ የድሮ ሰው ነኝ፣ ፊዚክሱን ለእናንተ። ዓይኔ ያየውን ግን ልንገራችሁ።

ሐምሌ ላይ ከሰዓት ዝናቡ እንዳባራ ወርዳችሁ የግንፍሌ ወንዝን ድልድይ እዩ። ውኃው ቡና መስሎ ነው የሚመጣው። ከላይ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ፌስታል፣ ነጠላ ጫማ፣ አንዳንዴ ፍራሽ። የመንገዱ ዳር ፍርግርግ ላይ ፌስታሉ እንደ ጨርቅ ተለጥፎ፣ ውኃው ቦዩን ትቶ አስፋልቱን ይዞ ይሄዳል። ከሥር ያለው ቱቦ ባዶ ነው! አንድ ልጅ በእንጨት ፌስታሉን ሲያነሳው ጉድጓዱ ጉርርር ብሎ በአንድ ትንፋሽ ይጠጣዋል።

ስለዚህ 60 ሆነ 80 ሆነ፣ አፉ ከተደፈነ ምን ዋጋ አለው? ፓርላማው በ2017 ዓ.ም. ፌስታል ከልክሏል፣ ጥሩ። ቦዩን የሚጠርግ ሰው ደሞዝ ግን ከቱቦው በፊት ይታሰብ።

ግንፍሌ_ዳር
ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። ጠረጋው ሳይንስ አይጠብቅም፣ ነገ ጠዋት መጀመር ይቻላል። ግን የሚጠረገው ነገር ራሱ ከጠበበ ደግሞ…

ሲቪል_ነኝ
ግንፍሌ፣ አንተም ሰውዬህም አንድ ስሌት ሳትሠሩ ነው የተለያያችሁት። እኔ ልሥራላችሁ።

ሞልቶ የሚፈስ ክብ ቱቦ የሚያሳልፈው ውኃ ከዲያሜትሩ ጋር እኩል አይደለም የሚያድገው። ተዳፋቱና ሸካራነቱ አንድ ከሆነ፣ ዲያሜትሩ 8/3 ኃይል ላይ ይወጣል። በቁጥር፦ ባለ 60ውን በባለ 80 ብትቀይረው የሚያሳልፈው ከእጥፍ ትንሽ ይበልጣል፣ 2.15 ገደማ።

አሁን ወደ ኋላ እንምጣ። ኃይለኛው ዝናብ በ20 በመቶ ይጨምራል እንበል። የሚያስፈልግህ ቱቦ 64 ሳንቲ ሜትር ነው። በ40 በመቶ ይጨምራል እንበል። 68 ነው። ገበያ ላይ 64 አለ? የለም። 68 አለ? የለም። ከ60 ቀጥሎ የምታዝዘው 80 ከሆነ፣ ሳይንቲስቶቹ በ20 እና በ40 መካከል እስኪነጋ ቢከራከሩ አንተ የምትገዛው ያንኑ ቱቦ ነው!

ክርክሩ አለ፣ አዎ። ውሳኔህን ግን አይቀይረውም። እኔ ስብሰባ ላይ የምጠይቀው ይሄንን ብቻ ነው፦ "መልሱ ይሄኛው ቢሆን ሌላ ነገር እናደርጋለን?" አይ ከተባለ ክርክሩ ለጆርናል ይተው፣ እኛ እንቆፍር።

ወጪ ካላችሁ፣ ቁፋሮው ያው፣ አስፋልት መልሶ ማልበሱ ያው፣ መንገድ መዝጋቱ ያው። ልዩነቱ የቱቦው ዋጋና ትንሽ ሰፋ ያለ ቦይ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ደግመህ ብትቆፍር ግን ሁሉንም ደግመህ ትከፍላለህ። 20ና 40ን ከኪሴ አላወጣኋቸውም። እንግሊዞች በ2016 እ.ኤ.አ. መመሪያቸው ላይ ለክፍለ ዘመኑ ማብቂያ እነዚህኑ ሁለቱን አስቀምጠው ነበር፣ አንዱን እንደ መካከለኛ፣ ሌላውን እንደ ከፍተኛ ግምት። የእኛ ዝናብ የእነሱ አይደለም፣ ለእኛ የሚሆነው በእኛ መረጃ ይሠራ። አሠራሩ ግን ይጠቅማል፦ አንድ "ትክክለኛ" ቁጥር ፍለጋ አይባዝኑም። ሁለት ቁጥር ይሰጡሃል፣ በሁለቱም ፈትነህ ትመጣለህ።

አባ_ጨጓሬ
ይሄ እንኳ ጆሮዬ ገብቷል። ግን ለማወቅ ያህል፣ ቱቦ ማስፋት ራሱ ጉዳት የለውም? ዝም ብሎ ሁሉን ነገር ማግዘፍ ነው?

ሲቪል_ነኝ
አለው። በጣም ከሰፋ ትንሽ ውኃ ሲፈስበት ፍጥነቱ ይቀንስና ደለል ያስቀምጣል። ለዚህ ነው 120 ቅበሩ ያላልኩት።

ማህተም_የሌለው
ሕግ ተማሪ ነኝ፣ በዚያ በኩል ልግባ። "እርግጠኛ ስንሆን" የሚለው ምክንያት አዲስ አይደለም፣ መልሱም አዲስ አይደለም። በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ስምምነት አንቀጽ 3 ላይ ከባድ ወይም የማይመለስ ጉዳት በሚያሰጋበት ቦታ፣ የተሟላ ሳይንሳዊ እርግጠኝነት አለመኖሩ እርምጃ ማዘግያ ሊሆን አይገባም ይላል። ኢትዮጵያም አጽድቃዋለች። ያው አንቀጽ ግን እርምጃው ከወጪው አንጻር የሚያዋጣ ይሁን ብሎ ይጨምራል። ይቺን ሁለተኛዋን ግማሽ ሁለቱም ወገኖች መዝለል ይወዳሉ።

የምወደው ምሳሌ ግን ኦዞን ነው፣ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከልለን የሰማይ ጋዝ። የቪየና ስምምነት የተፈረመው በመጋቢት 1985 እ.ኤ.አ. ነው። በአንታርክቲካ ሰማይ ላይ ያለው የኦዞን ጉድለት የታተመው ከዚያ በኋላ፣ በግንቦት። በመስከረም 1987 የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ሲፈረም ጉድለቱን ያመጣው ምን እንደሆነ ገና ሙሉ በሙሉ አልተቋጨም ነበር። ፈረሙ። ግን ምን ፈረሙ? መጀመሪያ ኦዞንን ይጎዳሉ የተባሉትን ዋና ዋና ጋዞች በግማሽ መቀነስ ብቻ ነው። ሰነዱ ውስጥ ሳይንቲስቶች በየጊዜው መጥተው እንዲገመግሙ አደረጉ። ማስረጃው ሲጠነክር በ1990 ለንደን ላይ "በ2000 ሙሉ በሙሉ ይቁም" አሉ፤ በ1992 ኮፐንሃገን ላይ ላደጉት አገሮች ወደ 1996 አመጡት። ሲጀምሩ ያላወቁትን እየሄዱ ነው ያወቁት፤ ሕጉም አብሮ ተቀየረ።

የኛ አገር ሕግ አወጣጥ ላይ የሚጎድለው ይሄ መሰለኝ። አንዴ መመሪያ ከወጣ ደንጊያ ላይ የተጻፈ ነው። "በአምስት ዓመት ይታይ" የሚል አንቀጽ ያለው ስንቱ ነው?

አባ_ጨጓሬ
ቆይ ቆይ። ቀላሉን መርጣችሁ ነው የምትፎክሩት። ቱቦ አሰፋችሁ፣ እሰይ። ኦዞን ላይ ደግሞ ፋብሪካዎቹ ተለዋጭ ጋዝ ነበራቸው። ግድብስ? ኤሌክትሪካችን ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ነው። ሕዳሴው 5,150 ሜጋ ዋት ነው፣ በዝናብ ነው የሚዞረው። እዚያ ላይ ደመና ቆጣሪ ራሷ "ግራ ያጋባል" ያለችው የዓመቱ ድምር ነው ወሳኙ። እዚያ ላይ ልዩነቱ ውሳኔውን ይቀይራል! ምን ትላላችሁ?

ደመና_ቆጣሪ
ዛሬ የተነሳው ምርጥ ጥያቄ ይሄ ነው። እዚያ ላይ የሲቪል ዘዴ አይሠራም።

እንዲህ ዓይነቱ ላይ የሚደረገው ሁሉንም ዕንቁላል… አይ፣ ተረቱን ልተወው። ጥገኝነቱን መበተን ነው። የአዳማና የአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ማመንጫ አለ። የኛ ነፋስ ጥሩ የሚነፍሰው በበጋ ነው፣ ግድቦቹ በሚቀንሱበት ወቅት። ዝናቡ ቢጨምርም ቢቀንስም ይሄ ያዋጣል። ትክክለኛውን ትንበያ ሳታገኝ በሁሉም ትንበያ የማይወድቅ ነገር ትመርጣለህ።

ሌላው ውሳኔውን መከፋፈል ነው። ለንደኖች የቴምዝ ወንዝን ጎርፍ በተመለከተ በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጡት ዕቅድ እስከ 2100 ይሄዳል፤ ሁሉንም ግን ዛሬ አይወስንም። የባሕሩ ከፍታ ይለካል። ይሄን ያህል ከደረሰ ይሄን እንሠራለን፣ በፍጥነት ከጨመረ ወደዚያኛው መንገድ እንሻገራለን ይላል። እስከዚያው ለወደፊቱ ግንባታ የሚያስፈልገው መሬት ይጠበቃል፣ ሕንፃ አይሠራበትም። ጊዜ የሚገዙት ዝም ብለው ሳይሆን በራቸውን ክፍት አድርገው ነው።

ቀበና_ድልድይ
ይሄ "መሬት ይጠበቃል" የሚለው ላይ እኔ አለሁበት። የምኖረው ወንዝ ዳር ነው፣ ስሜም ይናገራል። እናንተ ስለ ስሌት ስታወሩ እኔ የማስበው ስሌቱ ሲሳሳት የማን ቤት ይገባል የሚለውን ነው። ቱቦው ሰፍቶ ዝናቡ ባይመጣ መንግሥት ትንሽ ብር አጣ። ጠቦ ዝናቡ ቢመጣ እኔ ፍራሽ፣ ቲቪ፣ የልጄን ደብተር አጣሁ። ሁለቱም "ስህተት" ይባላሉ፣ አንድ ግን አይደሉም። ድሬዳዋ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ያኔ የሞቱት ደረቅ ወንዝ ዳር ተኝተው የነበሩ ናቸው።

እድር የምንከፍለው ዘንድሮ ማን እንደሚሞት አውቀን አይደለም። እናቴ ይሄን ለማስረዳት ሞዴል አላስፈለጋትም።

ወንዝ ዳር መኖር አደጋ ነው ውጡ ሲባል ደግሞ፣ እሺ፣ ወዴት? ከሥራዬ በስንት ታክሲ? ይሄም የፖሊሲው አካል ይሁን። ወንዝ ዳር የተሠራው ፓርክ ቆንጆ ነው፣ ቅዳሜ ልጆቼን እወስዳለሁ። ስለ ውሳኔው የሰማሁት ግን መጨረሻ ላይ ነው።

አባ_ጨጓሬ
እህቴ፣ በዚህ ላይ አልከራከርሽም።

ሻይ_በሎሚ
አባ ጨጓሬ አልከራከርም አለ? ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!

ማህተም_የሌለው
ቀበና፣ የ2007 ዓ.ም.ን ክረምት አስታወስሽኝ። ኤልኒኞ (የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ) ነበር፣ ኤልኒኞ ደግሞ የእኛን ክረምት እንደሚያዳክም ይታወቃል። ዝናቡ ከሸፈ፣ በ2008 ዕርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን ተባለ። ኤልኒኞ ከወራት በፊት ምልክት ይሰጣል። ክርክሩ ሁሌ "እርግጠኛ ነን ወይ" ነው። እህል ከጅቡቲ ወደብ ተነስቶ ገጠር እስኪደርስ የሚፈጀውን ጊዜ ብታስቡ፣ እርግጠኛ በምትሆኑበት ቀን ረፍዷል። የ60 በመቶ ዕድል ላይ መንቀሳቀስ የሚያስችል ገንዘብ ቀድሞ ካልተቀመጠ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ሲቪል_ነኝ
አንድ ነገር ልጨምር። አየር ንብረትን በጭራሽ ሳያምን የተሠራ የአየር ንብረት ፖሊሲም አለ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት ሲቆም ዋናው ምክንያት ምን ነበር? ዶላር። የነዳጅ ወጪ። ሞዴሉ 2 ዲግሪ አለ 4 ዲግሪ አለ፣ የምንዛሪው ጭንቀት ያው ነበር። ውሳኔው ጥሩ ነው መጥፎ ነው ሌላ ክርክር ነው (ቻርጅ ማድረጊያ ወረፋ የቆመ ሰው ይመስክር)። ግን አለቃን ለማሳመን "አየር ንብረት" የሚለውን ቃል ጨርሶ አለማንሳት አንዳንዴ ይሻላል። ግንፍሌ፣ ማስታወሻህ ላይ "ድጋሚ ቁፋሮ ማስቀረት" ብለህ ጀምር። አስፋልት ደግሞ ሲቆፈር የማይናደድ አዲስ አበቤ የለም።

ደመና_ቆጣሪ
በዚህ አልስማማም። ምክንያቱን ከደበቅነው የሚቀጥለው ቱቦ ላይ እንደገና ከዜሮ እንጀምራለን። በ2027 እ.ኤ.አ. የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤው ኮፕ 32 እዚሁ አዲስ አበባ ሊመጣ ነው። እንግዳ ፊት ስለ አየር ንብረት እያወራን የራሳችን ቃለ ጉባኤ ላይ "ሲስማሙ እናየዋለን" ሊል?

ሲቪል_ነኝ
አንቺ መርሁን ያዢ፣ እኔ ቱቦውን ላስቀብር።

ግንፍሌ_ዳር
ሁለታችሁም ትጠቅሙኛላችሁ። አሁን የአንድ ገጽ ማስታወሻ እየጻፍኩ ነው። የ20ውንና የ40ውን ስሌት፣ የወጪውን ልዩነት፣ ከዚያ በአምስት ዓመት የዝናብ መረጃውን እንደገና ማየት የሚል አንቀጽ። የጋሼንም ጠረጋ አስገባሁ፣ ከነበጀቱ።

ጋሽ_አራዳ
ተባረክ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ያ ቱቦ ወዴት ነው የሚያፈሰው?

ግንፍሌ_ዳር
ወደ ወንዙ ጋሼ። ከመንገዱ ሥር ባለ አንድ የድሮ የድንጋይ መሸጋገሪያ አልፎ።

ሲቪል_ነኝ
ኧረ ጋሼ ይበሉ! ዋናውን አመጡት። የድሮው መሸጋገሪያ ስፋቱ ስንት ነው? ላይ 80 አስገብተህ ታች ከጠበበ ጎርፉን ከአስፋልቱ አንስተህ ቀበና ድልድይ ቤት ነው የምታወርደው።

ቀበና_ድልድይ
አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም።

ግንፍሌ_ዳር
ወርጄ ለክቻለሁ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን ግማሹ ድረስ ደለል ነው።

ሲቪል_ነኝ
ከተጠረገ በቂ ይመስለኛል፣ ከተዳፋቱ ጋር ግን መሰላት አለበት። ደግሞ እዚያ የሚገባው የአንተ ቱቦ ብቻ ላይሆን ይችላል። ከላይ ስንት መስመር እንደሚቀላቀል ሳታውቅ ማስታወሻውን አትፈርም።

አባ_ጨጓሬ
ደለሉ የማን ኃላፊነት ነው? የመንገዱ ወይስ የወንዙ? እኔ ብሆን መጀመሪያ እሱን አጣራለሁ፤ ሁለት መሥሪያ ቤት "የኔ አይደለም" የሚልበት ቦታ ነው።

ግንፍሌ_ዳር
በትክክል እንደዚያ ነው ያሉኝ። ሁለቱም። ነገ ደብዳቤ ለሁለቱም አስገባለሁ፣ ግልባጭ ለክፍለ ከተማው።